የአባትየው ስም

ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

እትዬ የምላት አክስቴ ከመቱ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ በሞተ በዓመት ከመንፈቁ ሆዷ ገፋ፤ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት ጀመር። አንድ ክሊኒክ ሽንቷን መርምሮ «እርጉዝ ነሽ» አላት። «ከማን? ከባሌ ወዲህ ወንድ አላውቅም» ብትል መርማሪዋ ሣቀችባት። በማግስቱ ወሬው ገበያ ወጣ።

የእድሩ ሰዎች እሑድ፣ አባሉ ሁሉ በተሰበሰበበት ስሟን አንስተው ጉዳዩን ለሽማግሌ ሰጡት። አባትየው እስኪታወቅ ለቅሶ ቤት እንዳትደርስ ተባለ። የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ቤቷ መጡ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ስሙን ብቻ ንገሪን።»

«ጋሼ፣ የሌለ ሰው ስም ከየት ላምጣ?»

መቱ ሐኪም ቤት ልወስዳት ብነሣ የእድሩ ሰዎች «ልታስወርጃት ነው!» ብለው ከመኪና መናኸሪያው መለሱን። እኔም ፈርቼ ተመለስኩ። ለዚህ ራሴንም ይቅር አላልኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ደም ሲፈሳት ማንንም ሳልጠይቅ መቱ ይዣት ሄድኩ። ማሕፀኗ ውስጥ ልጅ የለም፤ ዕጢ ነው። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳን፦ ጽንስ ሲኖር የሚመነጨውን ፕሮቲን አንዳንድ ዕጢም ያመነጫል፤ ምርመራው የተሳሳተው ለዚህ ነው። የሰውነት መከላከያም ጽንስን እንደ ባዕድ እንዳያጠቃ የተገራ ስለሆነ፣ ጽንስ የሚመስለውን ዕጢ አንዳንዴ ነቅቶ ቢዋጋውም፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

«የእኔው ዝም አለ ማለት ነው» አለች እትዬ።

ሰውነቷ ቢታለል አልፈርድበትም፤ ዓይንም ጆሮም የለው። የእድሩ ሰዎች ግን ሁለቱም ነበራቸው፤ እሷም እየማለች ነግራቸዋለች።

ጅማ ተልካ ለወራት መድኃኒት ወሰደች። ያ ፕሮቲን ከደሟ ሲጠፋ «ድነሻል» ተባለች። ጸጉሯ አልቆ፣ ሆዷ ጎድሎ ብትመለስ ደግሞ «አስወርዳ መጣች» አሏት!

በቀጣዩ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ እድሩ መሐል ቆመች። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው «በቃ፣ ይቅር ተባባሉ» አሉ።

«ማን ማንን ነው ይቅር የሚለው ጋሼ? ስሙን አምጪ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው።»

የሐኪሙን ወረቀት ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው በከንፈራቸው ብቻ ማንበብ ጀመሩ።

«ጮክ ብለው ያንብቡት» አለች። «የእኔን ስም ያነሡት ጮክ ብለው ነው።»