ፔቱንያዬ ዛሬ ተጠመቀ

አማቴ ዛሬ ጠዋት የአበባ ዘሬ ላይ አንድ ጣሳ ሙሉ ጸበል ቸለሱበት።

አበባው ፔቱንያ ነው። ዘሩ ከጤፍ ያንሳል። አፈር አይለብስም፤ ላይ ላዩን ተበትኖ በመርጫ እንደ ጤዛ ነው የሚርሰው። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ሥር ትሪው ላይ አጎንብሼ ስጠብቅ አንድም አልበቀለም።

ያለችኝ ደግሞ አንድ ፓኬት ብቻ ናት፤ አምና ቤታችን ያረፈች እንግዳ የሰጠችኝ። ለገና ሰው ሲመጣ በረንዳችን አበባ በአበባ ሆኖ እንዲቀበለው አስቤ ነበር።

አማቴ ጭንቀቴን ሲያዩ ከርመዋል። ለካ ትናንት ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገዳም ድረስ በእግራቸው የሄዱት ለዚሁ ነው!

"እንቅልፍ አጣሽ እኮ ልጄ፤ ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለውን ነው ያመጣሁልሽ" አሉኝ።

እዚያ ጠብ ጠብ ያለው እኔ ቤት ሲደርስ ዶፍ ሆነ። ዘሩ ተጠራርጎ ትሪው ጥግ ላይ ተከማቸ።

ምን ልበል? አማቴን ልቆጣ? ጸበሉን ልቆጣ? "አሜን" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በስልኬ ካሜራ እያጎላሁ ያንን ጥግ ሳይ ዋልኩ። ከበቀለ የጸበሉ ሥራ ነው። ካልበቀለ ግን እምነት የጎደለኝ እኔው ነኝ።

እናንተስ፣ በሰው ደግነት የጠፋባችሁ ችግኝ የለም? ምን ብላችሁ አለፋችሁት?

እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አማቴ የተረፈውን ግማሽ ጀሪካን ይዘው "ልድገመው እንዴ?" እያሉ በሩ ላይ ቆመዋል።