ባለሚስማር ጫማና አዲሱ ወለል

ሁልዳ በእንጨት ኩባንያው ሱቅ ውስጥ ተንበርክካ አዲሱን ወለል በሰም ትወለውላለች። አሮጌውን ወለል ግንድ ቆራጮቹ እንዳያንሸራትታቸው የሚያደርጉት ባለሚስማር ጫማ በልቶት ነበር። ሥራ አስኪያጁም፣ «ይሄኛው ከተቦረቦረ ሱቁን ሌላ ሰው ይይዘዋል» ብሏታል።

ግንድ ቆራጩ ኦቶ በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ ሁልዳ፣ ትንባሆ!»

«መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ።»

«ካልሲዬ ከሸተተሽ ራስሽ ታባርሪኛለሽ!»

ሁልዳ ሳቋ መጣ። ከጓሮ ሁለት ስስና አጭር የጣሪያ ሳንቃ አምጥታ ደፉ ላይ አነጠፈችለት። «በል እርገጥ።»

የጫማው ሚስማሮች ሳንቃዎቹን ነክሰው ያዟቸው፤ ኦቶም በየእግሩ ሥር አንድ አንድ ሳንቃ እንደለጠፈ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደ ቋ ቋ እያለ እስከ ባንኮኒው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቆራጮቹ ሁሉ በሳንቃ እየገቡ፣ ወለሉ አንድ ቀዳዳ እንኳ ሳያወጣ ከረመ።

ሁልዳ ሥራ አስኪያጁ የዛተባት ዕለት ለእህቷ «ማደሪያ ፈልጊልኝ» ብላ የጻፈችውን ደብዳቤ ሳትልከው ቀረች።