የሬዲዮ ድንጋዮች ደብተር

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ማኅሌት ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውን የጥናት መዝገብ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ታስገባለች። የምታጠናው ስለ ባትሪ ነው፤ አንድ ጥቁር ዱቄት በተለያየ መንገድ እየሠራች፣ ተሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ትለካለች። ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ደግሞ ጓደኛዋ ሽሪምፕ በገንዳ እያረባች ውሃቸው ሲበላሽ እንዴት እንደሚጨነቁ ትመዘግባለች። የሽሪምፕ ጭንቀትም ይጠናል እንዴ ብዬ ሳቅኩባት። ናሙና ሦስት፣ አርባ ሰዓት። ናሙና አራት፣ ሠላሳ ስምንት ሰዓት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳላስበው ማንበቤን አቆምኩ።

«ምነው ጋሼ?» አለችኝ።

«የሰው ስም የለበትም?» አልኳት።

«የምን ሰው ስም?»

ቁጥሩን ጨርሼ አነበብኩላትና ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የምንኖረው ኮልፌ ነው። ማትሪክ አልመጣልኝም፣ ሥራ የለኝም፤ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን የመጽሐፍ ቅዳጅ ሳይቀር እያነበብኩ በራሴ የተማርኩት ነው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ጠዋት ጦር ኃይሎች፣ ከሰዓት ዘነበወርቅ፣ አንዳንዴ እስከ ቆሼ ወርጄ የሚጨሰውን የቆሻሻ ክምር ሳይ እውላለሁ። ዓይኔ ያየውን አይረሳም። በዚህም እኮራ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ነገር እኔ ብቻ የማይ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጎረምሳ ሆኖ ከተማ መዞር ራሱ ድፍረት ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይታፈሳል። ጓደኛውን ፌርማታ ላይ አቁሞ ዳቦ ሊገዛ የገባ ልጅ፣ ሲወጣ ዳቦውን ይዞ ብቻውን ይቀራል። እኔን ያቆየኝ ግጥም ነው። የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ስለነበርኩ ሁለት ዙር ስሜ ታለፈ። ሦስተኛው ዙር እንደሚያልፈኝ ግን ማንም ቃል አልገባልኝም።

ከቤታችን ሁለት አጥር አለፍ ብሎ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ታደለ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፏል። የጓሮ ክፍላቸውን ለኬሚስትሪ መምህሩ ለግዛው አከራይተው ነበር። አስተምረውኝ ስለነበር ቲቸር ነበር የምላቸው። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ጥቁር፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ።

ያን ክረምት ድንጋይ ከሱቅ ጠፋ። የሬዲዮ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ ባትሪውን ሁላችንም ድንጋይ ነበር የምንለው። ሰው የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ በጥርሱ ይነክሰዋል፣ ሬዲዮው ትንሽ ያንሾካሽክለታል፤ ከዚያ ያበቃል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ፀሐይም የለም። መብራት ያላቸውም ቢሆኑ በድንጋይ የሚሠራውን ሬዲዮ ነበር የሚፈልጉት። ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞት የሚገባው እሱ ነዋ። የተከለከለው የአማፂዎቹ ጣቢያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በአማርኛ ይናገር ነበር፤ በመጨረሻም የማረካቸውን ወታደሮች ስም ከነአባታቸው ያነባል። በየሰፈሩ ልጁ የዘመተበት ሰው ያችን ሰዓት ይጠብቃል። እትዬ አስካለ ሌላውን ወሬ አይሰሙም ነበር። የሚሰሙት ስሙን ብቻ ነው።

ቲቸር ድንጋዩን ነፍስ እንዘራበታለን ብለው ተነሱ። የሞተውን ድንጋይ ቂጡን በምስማር ይበሱትና ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ያስጠጡታል፤ ከዚያ ቀዳዳውን በሻማ ይደፍኑታል። ያልዳነውን ከፍተው ከውስጡ ጥቁሩን ዱቄት ያወጣሉ፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ ቆርቆሮ ላይ ጠብሰው መልሰው ይጠቀጥቁታል። ጨዉ ተራ ጨው አይደለም። ቆርቆሮ በያጆች የሚሠሩበት ዓይነት ነው፤ እሱም ስለጠፋ ራሳቸው ይሠሩት ነበር። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ከፍተው ሲያስቀምጡ ያለ እሳት ነጭ ጭስ ይወጣና መስተዋት ላይ እንደ ውርጭ ይጋገራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወደ በሩ ሸሸሁ። እትዬ አስካለም በመስኮት አይተው «እኔ ቤት ውስጥ ደግሞ ምን ሊጠሩ ነው?» ብለው አማትበዋል።

የሚታጠበውን ጥቁር ውሃ ግን ወንዝ አይደፉም። ወንዙ ላይ ልብስ የሚያጥብ አለ፤ ከብት የሚያጠጣ አለ። ስለዚህ ከወንዝ ድንጋይ ሥር የምትገኝ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ብዙ እግር ያላት ፍጡር በብርጭቆ ያኖሩ ነበር። የባሕር ሽሪምፕ ዘመድ ናት ይሉኛል። ከጥቁሩ ውሃ ጠብታ ጣል አድርገው፣ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው የእግሮቿን እንቅስቃሴ ይቆጥራሉ። ፍጡሮቹ መጀመሪያ ይራወጣሉ፤ ቀጥለው ታች ተሰብስበው ቀጥ ይላሉ። ሞተው ነው ወይ ስላቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ሞታቸውን አይደለም የምፈልገው፣ ጭንቀታቸውን ነው። ከሞቱማ ዘገየን ማለት ነው።»

እኔ መዝጋቢ ሆንኩ። ከቆሼ ለቃሚዎች የሞተ ድንጋይ እሰበስባለሁ፤ ከየቤቱም የደከመውን ተቀብዬ የታከመውን እመልሳለሁ። ቲቸር የትኛው አሠራር እንደሚሻል ለማወቅ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ በስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ደቂቃ እንዳገለገለ ሰዎቹን ጠይቄ እንድጽፍ አዘዙኝ። በቁጥር ጻፍ ብለውኝ ነበር፤ ቤት አንድ፣ ቤት ሁለት እያልኩ። ለእኔ ቁጥር ደረቅ ነበር። ደግሞም ድንጋዩ ይደባለቅብኛል ብዬ ስሙን ጻፍኩ። ወይዘሮ አስካለ። አቶ ሸምሱ ባለሱቁ። አሥራ አንድ ቤት። ስም፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፤ ዳር ላይ ደግሞ እኔው ራሴ የጨመርኳት አንዲት መስመር አለች፣ አስተያየት የምትል። ሰው የነገረኝን ሁሉ በጥሩ አማርኛ እዚያ ላይ አሰፍራለሁ። «የምርኮኞቹ ስም መነበብ ሲጀምር ድምፁ ደከመ» ብዬ የጻፍኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ዓረፍተ ነገሯን ወድጃት ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ቲቸር የሚያዩት ደቂቃውን ደምሬ በየሳምንቱ የማመጣላቸውን ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ደብተሩ እኔ ጋ ነበር።

ወረቀትም እንደ ድንጋዩ ብርቅ ነበር። ስለዚህ ግጥሞቼን በዚያው ደብተር ከኋላ በኩል ገልብጬ እጽፍ ነበር።

መስከረም እንደገባ አንድ እሑድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የኪነት ዝግጅት ነበር። ሦስተኛው ዙር ምልመላ እየተወራ ስለነበር ምርጡን ግጥሜን ማንበብ ነበረብኝ። ደብተሩን ይዤ ወጣሁ፣ አነበብኩ፣ ተጨበጨበልኝ። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ሽመልስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ግጥሙ ለግድግዳ ጋዜጣ ይገለበጣል፣ ደብተሩን እዚህ ተወው አለኝ። ተውኩት። ያን ቀን ከቀበሌው እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ጭቃው ላይ ስዘል የነበረውን ጎረምሳ አሁን ሳስበው ይጨንቀኛል። ፀሐይ ወጥታ ነበር። አጥሩ ሥር አደይ ፈንድቷል። በቆሎው ገና እሸት ነበር። ሦስተኛው ዙርም ያልፈኛል እያልኩ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው አገኙኝና፣ ትናንት ማታ ድንጋዩ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሠራልኝ፣ ጻፍልኝ አሉኝ። እጄን ወደ ብብቴ ሰደድኩ። ደብተሩ እዚያው ቀበሌ ነበር።

ወደ ቀበሌው የሮጥኩት እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጓድ ሽመልስ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ የተከፈተው ግን ከፊት በኩል ነው።

«ና ግባ» አለኝ፣ ድምፁን ሳይጨምር። «የኋላው ግጥም ጥሩ ነው። ይህ የፊቱስ የማን ድርሰት ነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ጣቱን ሰዓቱ የተጻፈበት መስመር ላይ እያንሸራተተ ቁልቁል ወረደ። ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ከአምስት። ሁለት ሰዓት። የአገሩ ሬዲዮ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚያሰማ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ማን እንዳስጻፈኝ ነገ ጠዋት መጥቼ እንድነግረው፣ ካልሆነም የምልመላው ዝርዝር ገና እንዳልተዘጋ እንዳስታውስ ነግሮ አሰናበተኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ለቲቸር ስነግራቸው ቆርቆሮ ላይ ዱቄት እያገላበጡ ነበር። አልጮሁም። ማንኪያውን አስቀምጠው፣ «ስማቸውን ነው የጻፍከው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። አስተያየት ያልኩትን መስመር በቃሌ እንድልላቸው ጠየቁኝ። አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ነገ አንተ አትሄድም፤ እኔ ነኝ የምሄደው» አሉ። «አንተ ያልኩህን ከመገልበጥ በቀር ምንም አታውቅም። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፣ ለእትዬ አስካለም ቢሆን። ገባህ?»

ገባኝ አልኩ። ልቤን ቀለል አለኝ፤ ይህንን መደበቅ አልችልም።

ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጥቁሩን ጣታቸውን በሎሚ አሽተው ሄዱ። ምን እንዳሉ ቆይቶ ከቀበሌው ዘበኛ ሰማሁ። ድንጋዩ የሰዎቹ ነው፣ ስሙም ለመመለስ እንዲመች የተጻፈ ነው፤ የተሞከረው ግን በእኔ ሬዲዮ ነው፣ ያዳመጥኩትም እኔ ብቻ ነኝ ብለዋል። ቤቶቹ አሥራ አንድ፣ ሬዲዮው አንድ፣ ሰዓቱ ሁሉ ተመሳሳይ። አንድ ሰው በአንድ ሰዓት በአሥራ አንድ ጥንድ ድንጋይ ሊሰማ እንደማይችል ጓድ ሽመልስ ጠፍቶት አይደለም። ከስሞቹ መካከል ግን የገዛ አክስቱ ነበረችበት። አንድ ጥፋተኛ በቃው። ቲቸርን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ወሰዷቸው፤ ክፍላቸው ተፈተሸ፣ ጠርሙሶቹ በጆንያ ተጭነው ሄዱ። ብርጭቆዋን ማንም አልነካትም። ከሁለት ቀን በኋላ ውሃዋ ደፈረሰ፤ እኔ ነኝ ወስጄ ወንዙ ውስጥ የደፋኋት።

ከዚያ ሰፈሩ ቀጥ አለ። በዚያ ሰሞን ሬዲዮ የከፈተ ቤት አልነበረም። ሸምሱ የእሱን ሬዲዮ ስኳር ጆንያ ውስጥ ቀበረው። እትዬ አስካለ በነጠላ ጠቅልለው ጤፍ ጎታ ውስጥ ከተቱት። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ምንም ሳይዙ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ በራቸው ገርበብ ያለ ነውና ሳልፍ አይቻቸዋለሁ። እንዲህ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ቆየ።

በዓመቱ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ከግንባር መጣ፤ ከታደለ ጋር በአንድ ሻምበል የነበረ ነው። እሱ ሲቆስል ታደለን ከነሕይወቱ ሲማርኩት በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ወሩን ጠየቁት። የአምናው ነሐሴ መጨረሻ ነው አለ። የተማረከ ሰው ስሙ እስኪነበብ አንድ ወር ያህል እንደሚፈጅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እትዬ አስካለ በጣታቸው ቆጠሩ። መስከረም መጨረሻ፣ ጥቅምት። ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

ቲቸር ከሰባት ወር በኋላ ተፈትተው ወደ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ ዕቃቸውን የወሰደላቸው ሌላ ሰው ነው። ደርግ ሲወድቅ ምርኮኞች በየመኪናው መጡ። እትዬ አስካለ የታደለን ፎቶግራፍ ይዘው ጦር ኃይሎች መንገድ ዳር ስንት ቀን እንደቆሙ እኔ አልቆጠርኩም። ታደለ አልመጣም። ተነቦ ይሁን ሳይነበብ፣ ተነቦ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ፣ የነገራቸው የለም።

ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ኖሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ጎመንና አይብ ያቀርቡልኛል፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ በመጨረሻ ወሬው የሚደርስበት ቦታ አንድ ነው። «ያ መምህር» ይላሉ፣ «ቤቴ አስጠግቼው፣ የማይጻፍ አስጽፎ የልጄን ስም አስቀረብኝ። እግዜር ይፍረድበት።» እኔ እንጀራዬን እየቆረስኩ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ «አንተስ ደብተሩ እንዴት ቀበሌ እንደገባ አታውቅም?» ብለውኛል። አላውቅም አልኩ።

ማኅሌት ያን ቀን ሥራዋን ጨርሳ በረንዳው ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። እስክጨርስ ጠብቃ፣ ለእትዬ አስካለ ለምን እንዳልነገርኳቸው ጠየቀችኝ። ቲቸር እንዳትናገር ስላሉኝ ነው አልኳት።

እውነት ነው፣ ብለውኛል። እሱ ግን የሚያገለግለው ለሰባት ወር ነው። እሳቸው ከተፈቱ በኋላ ላለው ሃያ ዓመት የምሰጠው ምክንያት የለኝም። ፈርቼ ነው እንዳልል የምፈራው ነገር አልነበረም። እትዬ አስካለ የሚረግሙት ሰው ሩቅ ነበርና፣ እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ መብላት ተመችቶኝ ነበር።