ሳጥኑ ወይስ ጥቅሉ

ጋሽ ጣሪያ የሚባሉት ቤት ስለሚሠሩ አይደለም። ሥራቸው መኪና አናት ላይ ድንኳን መግጠም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው መኪና ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ስሙን ያወጣችላቸው ሟች ሚስታቸው ናት። «የራሳችን ጣሪያ ሲያፈስ አይሰማም፤ የሰው መኪና ጣሪያ ጢቅ ካለ ግን ከእንቅልፉ ይነቃል» ትል ነበር።

ወርክሾፓቸው ረጅምና ጠባብ ነው። በስተግራ የመሥሪያ ጠረጴዛው አለ፤ ከበላዩ ግድግዳው ላይ ፕላስተሩ፣ ገመዱ፣ መቀሱ እያንዳንዱ በራሱ ምስማር ተንጠልጥሏል። በስተቀኝ ለማሳያ የተከፈቱ ሁለት ድንኳኖች በብረት እግር ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ከላይም ከታችም ጠንካራ ሽፋን ያለው ሲሆን ሲዘጋ ትልቅ ሻንጣ ይመስላል፤ «ሳጥኑ» ይሉታል። ሌላው ሸራው እንደ መጽሐፍ ታጥፎ በጨርቅ ልባስ የሚታሰር ነው፤ እሱን «ጥቅሉ» ይሉታል።

ደንበኛ ገብቶ «የቱ ይሻላል?» ካለ በቃ፣ ቀኑን እዚያው ይውላል። ጋሽ ጣሪያ ወንበር ስበው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ከሀ ይጀምራሉ።

«መጀመሪያ የመኪናህ ጣሪያ ስንት ኪሎ እንደሚችል ንገረኝ። ቆሞ አይደለም፣ እየሄደ! ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄን ነው። መኪናው ቆሞ ከሆነማ ድንኳኑን፣ አንተን፣ ሚስትህን፣ ከፈለግህም አማትህን ጨምሮ ይሸከማል። ሲሄድ፣ ሲታጠፍ፣ ጉድጓድ ሲገባ ግን ያው ክብደት ሌላ ክብደት ይሆናል። ሳጥኑ ሰማንያ ኪሎ ነው፤ ጥቅሉ ሃምሳ። የመኪናህ መመሪያ ሰባ አምስት ካለ ሳጥኑን እርሳው። አልቅስ፣ ግን እርሳው።»

ከዚያ ተነሥተው በእጃቸው ያሳያሉ። የሳጥኑን ሁለት መቆለፊያ ሲለቁ ክዳኑ በጋዝ ዘንግ ተገፍቶ ራሱ ቀጥ ይላል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጥቅሉን ግን ልባሱን መፍታት፣ መሰላሉን መሳብ፣ መገልበጥ፣ ዘንግ መሰካት አለ። «ስምንት ደቂቃ» ይላሉ፤ «ከሚስትህ ጋር ከተኳረፍክ ሃያ።» ዝናብ ከመታው ደግሞ ቤት ወስዶ ዘርግቶ ማድረቅ ነው፤ አለዚያ ይሻግታል። ነፋስ ሲመጣ ሳጥኑ ዝም ይላል፣ ጥቅሉ ሲርገበገብ ያድራል። «ታዲያ ጥቅሉን ማን ይገዛል?» ሲባሉ ጣታቸውን ያነሣሉ። «ይሰፋል። ይቀላል። ደግሞም...» እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ «ይተነፍሳል።»

ሁሉንም ከዘረዘሩ በኋላ እንኳ ወዲያው አይሸጡም። ደንበኛው በአንዱ ግማሽ ሰዓት፣ በሌላው ግማሽ ሰዓት ገብቶ መተኛት አለበት። እሳቸው ከታች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የሚያዳምጡት ዚፑን ነው። ዚፕ ሲዘጋ ድምፁ እየቀጠነ ያልቃል፣ ሲከፈት እየወፈረ፤ ለሌላ ሰው ጆሮ አንድ ነው፣ ለሳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሰው እንደገባ መስኮት ከከፈተ ፊታቸው ይፈታል። ከዘጋ ይቆጥራሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሁሉንም ለዘጋ ሰው ሳጥኑን አይሸጡም፤ «አልቋል» ይሉታል።

ደንበኞቻቸው ይህን ሕግ የጥሩ አገልግሎት ምልክት አድርገው ያወሩታል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ባልና ሚስት ሳጥኑን ሊገዙ መጡ። ሴትየዋ ግራጫ የሱፍ ካልሲዋን ሱሪዋ ላይ ስባ ያጠለቀች፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ብርድ ብርድ የሚላት ሰው ነበረች። «አይበርድም ግን?» አለቻቸው። ጋሽ ጣሪያም ለዓመታት ለሁሉም ሲሉት የኖሩትን፣ ያሳመሩትን አባባል ደገሙላት፤ «መተንፈሻውን ዝጉት፤ እንደ ምድጃ ይሞቅላችኋል!»

በሦስተኛው ሳምንት የሴትየዋ ወንድም ሳጥኑን ጭኖ መጣ። «ሁለቱም እንደተኙ ነው የተገኙት» አለ። «የጋዝ ማሞቂያ ለኩሰው ነበር። ምንም ጭረት የለበትም፤ እኛ ዓይናችን ሊያየው አይፈልግም።» አውርዶላቸው ሄደ። ጋሽ ጣሪያ ሲከፍቱት በራስጌው መተንፈሻ ውስጥ ግራጫ ካልሲ ተወትፎ አገኙ። ካልሲውን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት፤ ሳጥኑን ወርክሾፑ ጥግ በሸራ ሸፈኑት። ለሰው አልተናገሩም። ለልጃቸውም እንኳ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው ከባሏ ጋር መጣች። ከተጋቡ ሁለት ወራቸው ነው። ልጅቷን አባቷ «ድመት» ይሏታል፤ በልጅነቷ ሞቃት ቦታ ፍለጋ ከፍሪጅ ጀርባ ገብታ ትተኛ ነበርና። ባሏ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ «መምህር» ይሉታል።

«አባዬ፣ ተራራው ላይ ወዳለው ሐይቅ ሄደን ሦስት ቀን ልንቆይ ነው» አለች። «ድንኳን አበድረን።»

«እዚያማ ብርዱ...»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሳጥኑን የምንፈልገው። ያንን ከኋላ በሸራ የተሸፈነውን ብትሰጠንስ? ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራ ከሚጠጣ።»

«እሱ ተሰብሯል።»

መምህሩ ሄዶ የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልሆነ! አዲስ እኮ ነው!»

«ተሰብሯል አልኩ!»

በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ የጋሽ ጣሪያ ድምፅ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። መምህሩ ሸራውን ቀስ ብሎ መለሰው። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

ጋሽ ጣሪያ ቶሎ ብለው ፈገግ አሉና የመኪናውን መመሪያ አስመጡ። ሰባ አምስት ኪሎ ይላል። «አየህ መምህር፣ ሰማንያ አይሄድም።»

«ሂሳብማ ሂሳብ ነው» አለ መምህሩ እጁን ዘርግቶ። «ድመት፣ ተሸንፈናል።»

እውነት ነበር፤ ሳጥኑ ለዚያ መኪና ይከብደዋል። ነገር ግን ጋሽ ጣሪያ ከኪሎው ጀርባ የደበቁትን ሌላውን እውነት እሳቸው ብቻ ያውቁታል። ለማያውቁት መንገደኛ ሁሉ ሲያብራሩ የሚውሉ ሰው፣ ለገዛ ልጃቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር አቃታቸው።

በሕጉ መሠረት ግማሽ ሰዓት ጥቅሉ ውስጥ አስተኟቸው። ከታች ሆነው አዳመጡ። ዚፕ፣ እየቀጠነ። ዚፕ፣ እየቀጠነ። አራት መስኮት፣ ሁለት በር፤ ስድስቱም። ከዚያ አንድ የጨርቅ መንሾካሾክ ተሰማ። ልጆቹ ሲወርዱ ወጥተው አዩ፤ የጣሪያው መተንፈሻ ውስጥ የልጃቸው ሻርፕ ተወትፏል።

«ድመት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ነፋስ ያስገባል እኮ አባዬ!»

አፋቸውን ከፈቱ። ወዲያው የወጣላቸው ግን ስለ እርጥበት የሚናገሩት ነበር፤ ሁለት ሰው ሲተኛ እስኪነጋ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እንደሚተነፍስ፣ መውጫ ካጣ ፍራሹን እንደሚያበሰብስ። ልጅቷ አንገቷን እየነቀነቀች ስልኳን ታያለች።

«ማሞቂያ ይዛችኋል?» አሉ በመጨረሻ።

«ትንሽዬ ናት» አለ መምህሩ። «የጋዝ።»

«እዚሁ ትቅር።»

«እሺ» አለች ድመት። በጣም ቶሎ አለች። ወደ መኪናው ሄዳ ካርቶኑን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይኸው፣ ደስ አለህ?» ጉንጫቸውን ስማቸው ሮጠች።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሄዱ። ጋሽ ጣሪያ ከቀትር በኋላ ጠረጴዛውን ሲያስተካክሉ ካርቶኑን ለማንሣት ጎንበስ አሉ። እጃቸው ከባድ ነገር ጠብቆ ነበርና ካርቶኑ ሽቅብ ተወረወረ። ባዶ ነው።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ገመዱ አለ። መቀሱ አለ። የሰፊው ፕላስተር ምስማር ባዶውን ነው።

ድመት በልጅነቷ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ጠረጴዛ ሥር እየተጫወተች ስንት ጊዜ ሰምታቸዋለች! «መተንፈሻውን ዝጉት፤ እንደ ምድጃ ይሞቅላችኋል።» የትናንቱን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የድሮውን ይዛ ሄዳለች። ሁለቱም ምክር የሳቸው ነው።

ደወሉ። አይደርስም። ለመምህሩ ደወሉ። አይደርስም። መሳቢያውን ከፍተው ካልሲውን ኪሳቸው ከተቱና የመኪናቸውን ቁልፍ አነሡ።

መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ተራራው ሥር ያለ ነዳጅ ማደያ ቆመው ቀጂውን ጠየቁት።

«ድንኳን የጫነች መኪና? አዎ፣ ዘመዶችህ ናቸው አባት? ሁለት የጋዝ ጠርሙስ ገዝተው ወጡ» አለ ልጁ። «ንገራቸው እስቲ፤ ዛሬ ማታ ተራራው ላይ ውሃው ሁሉ በረዶ ይሠራል።»

ከዚያ በኋላ ጉም ነበር። ከላይ የሚወርዱ መኪኖች መብራት እያበሩ አንድ በአንድ ያልፏቸዋል፤ ወደ ላይ የሚሄድ ግን ከሳቸው በቀር አልነበረም። ጋሽ ጣሪያ በየመታጠፊያው ጊዜውን ያሰላሉ። አሁን ደርሰዋል። አሁን ድንኳኑን ገልብጠዋል። ስምንት ደቂቃ። አሁን በርዷታል።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ጋት ቀርቷታል። መኪናዋ ብቻዋን ቆማለች። በአናቷ ላይ ጥቅሉ ከውስጥ ብርቱካንማ ብርሃን ይዞ እንደ ፋኖስ ይታያል። አንድም የተከፈተ መስኮት የለም። ነፋሱ ሸራውን ይመታል፤ በነፋሱ መሐል አንድ ድምፅ ለዩ፤ ፕላስተር ሲቀደድ።

«ድመት!»

አልተሰማም። መሰላሉን በጉልበታቸው ሳይሆን በድንጋጤያቸው ወጡት። ዚፑን ሲስቡት ሙቀቱ ፊታቸውን መታቸው። ማሞቂያው በፍራሹ ግርጌ ቀልቷል። መምህሩ እንቅልፍ ወስዶታል። ልጃቸው ተንበርክካ የጣሪያውን መተንፈሻ ትለጥፋለች።

ማሞቂያውን አጥፍተው በመያዣው አንጠልጥለው ወደ ውጭ ወረወሩት።

«አባዬ?! አበድክ እንዴ? ከየት መጣህ? ዝጋው፣ ብርድ እያስገባህ ነው!»

አልዘጉም። እግራቸውን መሰላሉ ላይ አንጠልጥለው በሩ ላይ ተቀመጡበት። «ባልሽን ቀስቅሺ።»

«ደክሞት ነው፤ ሲነዳ ውሎ...»

«ቀስቅሺው!»

ወዘወዘችው። መምህሩ ዓይኑን ለመግለጥ ጊዜ ፈጀበት። «ጋሼ?» አለ ግንባሩን ይዞ። «ራሴን... ራሴን ሊፈልጠኝ ነው።»

ድመት እጇ ላይ ያለውን ፕላስተር እንደያዘች ቀረች። አባቷ ከኪሳቸው ካልሲውን አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

«የማን ነው?»

«እንደ አንቺ ብርድ የማትችል የአንዲት ሴት ነው። አይበርድም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ መተንፈሻውን ዝጉት አልኳት። እንደ ምድጃ ይሞቅላችኋል አልኳት። እሷም ዘጋችው፤ በዚህ። ባሏም አብሯት ነበር። ያ ጥግ ያለው ሳጥን የነሱ ነው።»

ነፋሱ ገብቶ የልጅቷን ፀጉር በታተነው። ዝጋው አላለችም።

«እሳቱ የሚያወጣው መርዝ አይሸትም» አሉ ጋሽ ጣሪያ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ቀን አልሞቀም። «አያስልም። ድካም ነው የሚመስለው፣ እንቅልፍ ነው የሚመስለው። ሳጥን ሆነ ጥቅል፣ መስኮት ተከፈተ ተዘጋ፣ እሳት ድንኳን ውስጥ አይገባም። ይሄን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ኪሎ ቆጠርኩልሽ።»

መምህሩን ደግፈው አወረዱት፤ ሐይቁ ዳር ወዲያና ወዲህ እያራመዱ ንጹሕ አየር አስተነፈሱት። «ሂሳቤ እንኳ ጠፍቶብኛል» ሊቀልድ ሞከረ። ራስ ምታቱ ቀለል ሲለው ከመኪናቸው ሁለት ብርድ ልብስ አውጥተው ሰጧቸው፤ ማሞቂያውንና ፕላስተሩን ግን እሳቸው ዘንድ ቆለፉባቸው። መሽቶ ነበር፤ በዚያ ጉም መውረድ አይቻልም።

ጋሽ ጣሪያ በራሳቸው መኪና ወንበር ላይ ጋደም ብለው መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። በየጥቂቱ ይጣራሉ።

«መምህር!»

«አቤት ጋሼ!»

«ድመት!»

«አለን አባዬ!»

ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። «አባዬ፣ አስተኛን እንጂ!» ብላ ሳቀችባቸው። በአምስተኛው ግን መልስ አልመጣም።

«ድመት!»

ነፋስ ብቻ። ጥቅሉ ጨልሟል። ጋሽ ጣሪያ የበሩን እጀታ ጨበጡ። አንድ እግራቸውን መሬት እንዳሳረፉ አንድ ዚፕ ተሰማ፤ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ከጅምሩ መለየት አይቻልም፤ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ።

ድምፁ እየወፈረ ሄደ።