ኮከቧን አላስቆጥርም ያልኩ ዕለት

ኮከባችሁ አይገጥምም ተብዬ ሚስት ተከልክያለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማሳመር አያስፈልገውም።

ሰበታ ነው፣ ላገባት በፈለግኳት ልጅ አባት ቤት። እኔ የሱሉልታ ሰው፣ በግንበኝነት የምተዳደር፣ ያኔ ሀ ሁ እንኳ ያልቆጠርኩ ነኝ። አባቷ ያስጠሩት ኮከብ ቆጣሪ ስሜንና የእናቴን ስም ጠየቀኝ። ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ለወጠ፣ ደመረ፣ ቀነሰ።

«አንተ እሳት፣ እሷ ውኃ። ትጠፋፋላችሁ» አለኝ። ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረና «ይኸው፣ ራስህ እየው» አለ።

ማንበብ እንደሚችል ሰው ትክ ብዬ አየሁትና ራሴን ነቀነቅሁ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ባጠገቧ አልፌ ወጣሁ። መከልከሌን እችለዋለሁ። ያ ራስ መነቅነቅ ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሌላ አገባሁ። ጥሩ ሴት ናት፣ በሷ አላማርርም። ጢሜ ሸብቶ ማታ ትምህርት ገባሁ፤ ከልጅ እግሮች ጋር ተቀምጬ ፊደል ለየሁ። ከዚያ በኋላ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ፣ የልጄን መጽሐፍ ጭምር። ልጄ ቡራዩ ፊዚክስ ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ ከጫማ ካርቶን አንድ መሣሪያ ሠርታ ነበር፤ ባንዱ ጎን ቀጭን ስንጥቅ፣ ውስጡ የአሮጌ ሲዲ ቁራጭ። አንድ ቀን ወደ ቆጣቢው አምፖል አዙሬ ባየው ነጩ ብርሃን ተበጣጥሷል። አረንጓዴ መስመር፣ ሐምራዊ መስመር፣ በመካከላቸው ጨለማ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«አምፖሉ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ነው፣ አባዬ። አንተ ደረጃ ትሠራ የለ? ሰው ወይ አንደኛው ላይ ይቆማል ወይ ሁለተኛው ላይ፤ መሀል አየር ላይ አይቆምም። አቶም ውስጥ ያለው ኤሌክትሮንም እንደዚያ ነው። ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ የልዩነቱን ያህል ብርሃን ይለቃል። የያንዳንዱ ንጥረ ነገር ደረጃ ከፍታው የራሱ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙም የራሱ ነው።»

«ኮከብስ?»

«ኮከቡን የከበበው ጋዝ ደግሞ የራሱን ቀለም ከብርሃኑ ውስጥ ይውጣል፣ በቦታው ጥቁር መስመር ይቀራል። ተመራማሪዎቹ መስመሮቹን እዚህ ምድር ላይ ካለው ጋዝ ጋር ያስተያያሉ። ብረት ይኑረው ሶዲየም፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ማንም እዚያ ሳይሄድ ያውቁታል። አብዛኛው ግን ሃይድሮጅን ነው፤ ሁሉም ጋ ማለት ይቻላል።»

ሁሉም ጋ! እውቀት ደስ ይላል ይላሉ፤ እኔን አላለኝም። እሳት ነህ ከተባልኩ ጀምሮ ስንቴ ወደ ሰማይ አንጋጥጬ የኔ የትኛው ይሆን እንዳልኩ አስታወስኩና አፈርኩ። ካፈርኩ ደግሞ እናደዳለሁ።

እንዲህ እንደ ተናደድኩ አንድ ማለዳ የልጄን እጅ ለመጠየቅ ከቡራዩ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ደንቡ ቆሙ። የላካቸውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ እንከን የለውም፤ እሺ ልል ነበር። አንዱ፣ የልጁ አያት ወንድም፣ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው።

«የልጅቷን ስምና የእናቷን ስም ብትነግረን፣ ለወጉ ያህል ኮከባቸውን አየት እናደርጋለን» አሉ።

ደሜ ፈላ። ካርቶኑን ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«በዚህ ይዩ! እሳት የለ፣ ውኃ የለ! ሃይድሮጅን ነው! የእርስዎም ሃይድሮጅን ነው!»

«ተው እንጂ ኦቦ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

እሳቸው ግን ታዘዙኝ። ካርቶኑን ዓይናቸው ላይ ደግነው ወደ አምፖሉ ቀና አሉ። መብራት ጠፋ።

ካርቶኑን ሳያወርዱ «ኮከቡም በፈረቃ ነው እንዴ?» አሉ።

ሳቁብኝ። ጓዳ ያለችው ሚስቴ ሳትቀር ስትስቅ ሰማኋት። «ከቤቴ ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌ ተሰድቦ ከወጣ ተመልሶ እንደማይመጣ እያወቅሁ ጮህኩ። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ በሩ ዞሩ።

ልጄ ከጓዳ ወጣች። በዚህ ሰዓት መታየት አልነበረባትም። ካርቶኑን ከሽማግሌው እጅ ጎንበስ ብላ ተቀበለችና «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች። ስሟን፣ ከዚያ የእናቷን ስም ነገረቻቸው። «ይቁጠሩ።»

«አይቆጥሩም!» አልኩ።

«አባዬ፣ ይኼ ካርቶን ኮከቡ ከምን እንደተሠራ ይነግርሃል። ማን ማንን እንደሚያገባ አይነግርህም። አንተም እኮ በሱ እየቆጠርክብኝ ነው።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደመሩ፣ ቀነሱ። ከዚያ እንደማዘን ብለው «አይገጥምም፣ ልጄ» አሏት።

«እሺ አባባ፣ ሰማሁ። ባይገጥምም አገባዋለሁ።»

ሁለት ቃል ናት። ይህችን ለማለት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፣ ሃይድሮጅን ማወቅም አያስፈልግም። እኔ ግን ስንት ዓመት ያን የሰበታውን ቆጣሪ ስረግም ኖርኩ፤ ያች በሩ ላይ የቆመችው ሴት ምን ትጠብቅ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌው ልጄን ጥቂት አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ቆጠርኩ፣ እሷም መለሰችልኝ። የቀረን የአባት ቃል ነው።»

ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም። «ሰጥቻለሁ» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። ያኔ ተቀመጡ። እሑድ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።