የሌለ አንበሳ ሞራ

አሶሳ አካባቢ አንበሳ የለም። ይሄን ለማወቅ ዘጠነኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም፤ እኔ ግን ደርሼ ነው ያቆምኩት። እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ ስትመጣ አንበሳ ነበር አሉ፤ የጎረቤት አህያ ከነጭነቷ እንደወሰደ እስካሁን ታወራለች። ከዚያ ጫካው ተመነጠረ፣ አንበሳውም ጠፋ። ሞራው ግን አልጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ በሽሮፕ ጠርሙስ ይሸጣል።

የእናቴ ጉልበት አብጦ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ መያዝ ጀምራ ነበር። «ሆስፒታል እንሂድ» እላታለሁ። «ይቺን ሞራ ልጨርሳትና» ትላለች። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ታስገዛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱ ወጣ። ጉልበቷ ፓፓያ አከለ።

አንድ ቅዳሜ ብው ብዬ ሻጩ ጋ ሄድኩ። እሱም ወሎዬ ነው፣ ሽበታም፤ ጥቁር አዝሙድና ሰንደል ይሸጣል፣ ሞራውን ከጠረጴዛ ስር ነው የሚያወጣው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፣ እዚህ ግን አልልም።

«አባባ፣ አንበሳው ከየት ነው?»

«ከሱዳን። በኩርሙክ ይገባል።»

«ኬላ ላይ ዝም ብለው ያሳልፉታል?»

«የሚገባው ሞራው ነው እንጂ አንበሳው መሰለህ እንዴ?»

«የበግ ላት ነው።»

ግራ ቀኙን አየ። «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ወይ ቤት መጥተው ለእናቴ እውነቱን ይነግሯታል፣ ወይ እዚሁ ቆሜ ለገበያው እነግራለሁ።»

ዕቃውን አጠገቡ ላለችው ሽንኩርት ሻጭ አደራ ብሎ ተከተለኝ።

እናቴ ስታየው ፊቷ በራ። ዱካ አቀረበችለት። «ይሄ ልጅ የበግ ነው እያለ ያደርቀኛል» አለችው። ሰውየው እኔን አየ፣ ከዚያ ጉልበቷን አየ። ዓይኑ ጉልበቷ ላይ ቆየ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ።

እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ይሄን ቀን ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

«የአንበሳ ሞራ ውሃ የቋጠረ ጉልበት ላይ አይሠራም። አንበሳ ውሃ አይወድም። መጀመሪያ ሐኪም ውሃውን ያውጣልሽ። ከዚያ ትቀቢዋለሽ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል፣ ሆስፒታል ስትል እንዲህ ብለህ አታስረዳም?»

ሰውየው ሻይ ጠጥቶ መርቆን ሄደ።

ሰኞ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ በመርፌ ውሃውን አወጣ፣ መድኃኒት አዘዘ፣ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ መገጣጠሚያው ይበላሽ ነበር አለ። «ሞራውን መቼ ልጀምር?» አለችው። ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

አሁን ለቅሶ ቤት በእግሯ ትደርሳለች። ማን አዳነሽ ሲሏት አንበሳው ትላለች። ክረምቱን ሙሉ የለመንኳት እኔ የለሁበትም፣ መርፌ የወጋት ሐኪምም የለበትም።

ባለፈው ጎረቤታችን ወገቧን ይዛ መጣች። «ያንን የሱዳኑን አምጣልኝ የኔ ልጅ፣ አንተ ታውቀዋለህ አሉኝ።»

የለም፣ ውሸት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን እንደዚያ ካልኳት ዞራ ሌላ ሻጭ ጋ ነው የምትሄደው።

«መጀመሪያ ሐኪም ካላየሽ አንበሳው አይሠራም» አልኳት።

ሆስፒታል ሄዳለች። ያ ሽማግሌ ቢሰማ ደስ ይለዋል። አልነግረውም።