ማሽኑ ስለ ልጃቸው ያላለው

አስመራ በነበርኩበት ጊዜ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ውስጥ የመጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። የምኖረው ጎዳይፍ የሚባለው ሰፈር፣ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነው። «አደይ» እላቸዋለሁ፣ በትግርኛ እናቴ እንደማለት። በአማርኛ እንነጋገራለን፤ አልፎ አልፎ ትግርኛ ስሞክር ግን ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። አንድ ልጃቸው ለሥራ ሱዳን፣ ካሰላ ሄደ ይባላል። ወጣቱ በረሃ የሚገባበት ጊዜ ስለነበር ምን ሥራ እንደሆነ በግቢው የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከመሀል አገር የመጣሁ ነኝና ጨርሶ አልጠይቅም። ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል።

መሥሪያ ቤታችን ክፍል የሚሞላ ኮምፒዩተር ነበረው። አንድ ሃምሳ አለቃ ከሥራ በኋላ የአገሩን ኮሌጆች የኳስ ውጤት በተበሳሳ ካርድ እያጎረሰ፣ ቅዳሜ ማን እንደሚያሸንፍ ያስተነብየዋል። ኳስ ይሉታል እንጂ አቅፈውት የሚሮጡት ነገር ነው፤ ደንቡ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለውርርድ ግን ደንብ ማወቅ አያስፈልግም። ሃምሳ አለቃው ሹክ ያለኝን ቡድን ይዤ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ጋር እወራረዳለሁ፤ የተሸነፈ በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ ይሰጣል።

ቆርቆሮዬን ይዤ ገብቼ ዝም ብዬ ብበላ ምን ነበረበት? ጉራ የሚባል በሽታ አለብኝ። ግማሹን ለአደይ በሳህን እያቀረብኩ፣ ማሽኑ ባሕር ማዶ የሚሆነውን ከዚሁ ከአስመራ ሆኖ እንደሚያውቅ እተርካለሁ።

«ደብተራ በስም እንደሚያሰላው ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ይበልጣል እንጂ አደይ። ደብተራ ይሳሳታል፤ ይህ አይሳሳትም።»

ይሳሳት ነበር። በተሳሳተ ቅዳሜ ባዶ እጄን ገብቼ ስለ ኳስ ትንፍሽ አልልም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሥራ ልወጣ ስል አደይ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ኮክ የቀመሱ ሴት አይመስሉም ነበር፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ለማሽኑ የልጄን ስም ንገረው። የኔን የእናቱንም ስም። የክርስትና ስሜንም ጨምርበት። በሕይወት አለ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።»

ማሽኑ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ማለት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ እንዴት ብዬ? «እሺ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሸሸኋቸው። ከሥራ ስወጣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ወዲያ ወዲህ እልና እሳቸው እራት ከበሉ በኋላ እገባለሁ። ግቢው ውስጥ ብንገናኝ መሬት መሬት አያለሁ። እሳቸውም አይጠይቁኝም፤ አየት ያደርጉኝና ያልፋሉ። ሰልችቷቸው ወይም ረስተውት መስሎኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። ምን ያህል ደንቆሮ ነበርኩ!

በመጨረሻ እውነቱን ልንገር ብዬ ቆረጥኩ። ትግርኛዬ አያደርሰኝም፤ በአማርኛም ቢሆን ብቻዬን ፈራሁ። ስለዚህ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌ ጎረቤቶቼን፣ ማሽን የሰው ዕጣ እንደማያውቅ አስረዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አደይ ወደ ዘመድ ሳይወጡ፣ ነጠላችንን እንደለበስን በጧት ሦስታችን ገባን።

አደይ ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩን። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸውን ታጠቁ።

ያኔ ገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኑን የሰበረ ሰው፣ ከሽማግሌ ጋር በማለዳ የሚመጣው ለምን ነው? መርዶ ሊያረዳ ነዋ። እኔ አገር አይደረግም እንዳልል፣ የገዛ አባቴን ሞት የሰማሁት እንደዚሁ ነው።

«አደይ፣ አይደለም! ማሽኑ ምንም አላለም» አልኩ።

«ለማያውቃቸው ልጆች ሲናገር ከርሞ ለኔ ልጅ አፉን ያዘ?» አሉና ደረታቸውን መቱ።

የጎረቤት ሴቶች እየጮኹ ገቡ፤ ግቢው በለቅሶ ተሞላ። ሽማግሌዎቹ በትግርኛ ሲምሉ ሲገዘቱ ማን ሰምቷቸው! ጭራሽ አንደኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሐቁን ንገረኝ፤ ምንም አላለም?» አሉኝ። የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ዕንባ እንኳ አፍሮ ቀረ።

ለቅሶው እስኪበርድ ቆየ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው እያሉ ሽማግሌዎቹ ሴቶቹን አንድ በአንድ ዝም አሰኟቸው። አደይ መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሞቷል አላለም?»

«አላለም።»

«እንግዲያ አለ ማለት ነው?»

ለቀስተኛው ሁሉ አፌን ያያል። ሽማግሌዎቹም ዓይናቸው በል፣ በል ይለኛል።

«እወ» አልኩ። ያን ቀን የወጣኝ ትግርኛ ይኸው ብቻ ነበር፤ ማንም አልሳቀብኝም። አደይ እጄን ስበው ሳሙት።

ከአስመራ እስክዛወር ልጁ አልመጣም። ውርርዱን ተውኩት፤ ኮክም ዓይኑን ማየት ጠላሁ። አደይ ግን ተጽናንተው ነበር፤ አልጋውን አንጥፈው ይጠብቁ ነበር። ስሄድ ለመንገድ ሕምባሻ ጋግረው እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚስመው ያንተን እጅ ነው» አሉኝ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።